ውሃን ከጥሩ

የካቲት 6፣ 2017

ዛሬ ከጅቡቲ ዓሣ ገባ። ልጄ ዮፍታሔ ካርቶኑን ታቅፎ በሩን በእግሩ ሲያንኳኳ ነጠላዬን ወገቤ ላይ አስሬ ባልዲዬን ላነሳ ሄድኩ። ባልዲው ቦታው ላይ የለም። ሚስቱ ዳርቱ ቀድማኝ ወስዳዋለች።

የባሕር ዓሣ እንደ ዶሮ አምጥተሽ የምትለቂው አይደለም። የመጣበት የላስቲክ ከረጢት ውሃና የእኛ ውሃ በጨውም በሙቀትም ይለያያሉ። ድንገት ቢገባ ደንግጦ ይሞታል። ስለዚህ ባልዲ ውስጥ ይደረግና የእኛ ውሃ በቀጭን ቱቦ ጠብ ጠብ እያለ ይጨመርበታል፣ እስኪለምድ። ጠብታውን የማስተካክለው እኔ ነበርኩ፣ ቱቦውን ቋጥሬ። ቋጠሮው ላላ ሲል ይፈጥናል፣ ጠበቅ ሲል ይዘገያል። ልጄ ስንቴ ሞክሮ አልሆነለትም። "ውሃን ከጥሩ፣ ነገርን ከሥሩ" እያለ ይቀልድብኛል፣ ስሜ ጥሩብርሃን አይደል። ለሆቴሉም ለሰው ቤትም የዓሣ ገንዳ የሚሠራው እሱ ነው፤ አባቱ ካረፈ ወዲህ ግን የዚህ ቤት የጨው ውሃ የሚቀመመው በእኔ እጅ ነው።

ዛሬ ዳርቱ ከምትሠራበት መድኃኒት ቤት የጉሉኮስ ቱቦ ይዛ መጣች። ያንኑ ሐኪም ቤት በሽተኛ ላይ የሚሰቀለውን። ትንሽ መዘውር አለችው፤ በአውራ ጣት ወደ ላይ ስትገፊያት ይፈጥናል፣ ወደ ታች ስትመልሻት ይቀንሳል። አለቀ።

"እማዬ፣ ከእንግዲህ እጅዎን አያድክሙ" አለችኝ።

ዮፍታሔ መዘውሯን እያሽከረከረ ሳቀ። እንዲያ ሲስቅ ካየሁት ቆይቻለሁ። ከተጋቡ ገና ወር አልሞላቸውም።

ቱቦዬን ቋጠሮውን ፈትቼ መሳቢያ ውስጥ ከተትኩት።

የካቲት 8

አዲሶቹ ሰርቪስ ቤት ናቸው። ዮፍታሔ ለይቶ ማቆያ ይለዋል፣ የኮሮና ጊዜ ቃል ነው። በሽታ ይዘው መጥተው እንደሆነ እዚያ ይታወቅባቸዋል። ድንጋይ የለ፣ አሸዋ የለ፤ ባዶ መስታወትና የሚደበቁበት ቁራጭ የፕላስቲክ ቧንቧ ብቻ። ከሳምንታት በኋላ ደህና ከሆኑ ሳሎን ወዳለው ትልቁ ገንዳ ይገባሉ፣ ደንበኛ እስኪወስዳቸው። ያንን ቀን "ቅልቅል" ብዬ የሰየምኩት እኔ ነኝ። ደንበኞቹ ሳይቀሩ ለምደውታል፤ "ቅልቅሉ መቼ ነው?" ይላሉ።

ከአዲሶቹ አንዷ ሰማያዊ ናት፣ ጎኗ ላይ እንደ ግማሽ ጨረቃ ያለ ቢጫ አላት። ወዲያና ወዲህ ስትል ሁሉንም ታያለች፣ ሁሉንም ትነካለች። ሙሽሪት አልኳት። ዳርቱ ስሙን ወደደችው። ለሷ ብዬ አይደለም ያወጣሁት።

ሳሎን ያለችው የእኔ ናት፣ እሜቴ። ባለመስመር፣ ሰፊ፣ ኩሩ። ጭራዋ ሥር ምላጭ የመሰለ እሾህ አላት። ትልቁን ድንጋይ ይዛ ለብቻዋ ስትኖር ዓመታት ሆኗታል። ሰው "ክፉ ናት" ይላል። ክፉ አይደለችም፤ ቤቷን ታውቃለች።

የካቲት 17

ሁዳዴ ገባ። የዳርቱ እናት ደውላ ስለ ቅልቅሉ ጠየቀችኝ። የዓሣውን አይደለም፣ የልጆቹን። መልሱ በነሱ ቤት ተደግሷል፤ እኛ ቤት ቅልቅል ገና አልተደረገም።

"ጾም ነው እኮ፣ ከፋሲካ በኋላ ያድርሰን" አልኳት። እነሱ ጴንጤ ናቸው፤ የኛን ጾም አይጾሙም፣ ግን "እሺ፣ እርስዎ እንዳሉ" አለች።

ከጾሙ በፊት እሑዶች ነበሩ። አንዱን ጉንፋን ይዞኝ ነበር። ሌላውን አላስታውስም።

የካቲት 22

ስልክ ቤት ሠላሳ ዓመት የሰው መስመር አገናኝቻለሁ። የሰው ወሬ ማዳመጥ ነውር መሆኑን እኔን የሚያስተምረኝ የለም። ግን ዳርቱ ሰርቪስ ቤት ሆና ስታወራ ድምጿ ኩሽና ድረስ ይመጣል፣ ኩሽና ደግሞ የእኔ ነው።

ከእናቷ ጋር በኦሮምኛ ነው የምታወራው። ኦሮምኛ አልችልም፤ ጥቂት ቃል ብቻ ከጎረቤቴ ከዲንቄ ለቃቅሜአለሁ። ዛሬ ግን አንድ ነገር ጥርት ብሎ ተሰማኝ። "ቁርጡሚ" አለች። ደገመችው። "ቁርጡሚ" እያለች ትስቃለች።

በሁዳዴ ቁርጥ አምሯታል ማለት ነው። እኔ በሽሮ እየዋልኩ እሷ ለእናቷ ስለ ጥሬ ሥጋ ታወራለች። ደግሞ ዮፍታሔን ይዛው እንዳትሄድ። ሁለቱም ማታ ዘግይተው ገቡ። አፋቸውን አየሁት፣ ምንም የለም።

መጋቢት 1

ከዲንቄ ጋር እንጦጦ ራጉኤል ወጣን። ዳገቱ ላይ ሦስቴ አረፍን። ዲንቄ ጉልበቷ እያመማት ወሬዋን አታቆምም።

"ምራትሽ መልካም ልጅ ናት" አለችኝ። "ትናንት በር ላይ አግኝታኝ በኦሮምኛ ስንት ነገር አወራን፣ ሆዴን እስኪያመኝ ነው ያሳቀችኝ።"

ሃያ ዓመት ጎረቤቴ የሆነችው ዲንቄ። የእኔ ዲንቄ። በአንድ ወር ውስጥ ልጄንም ጓደኛዬንም።

ስንመለስ "ምን ተሳልሽ?" አለችኝ።

"ልጄን ይመልስልኝ ብዬ።"

"የት ሄደና ነው?"

ነጠላዬን አስተካክዬ ቀደምኳት።  ቁርጡሚ ምን እንደሆነ ልጠይቃት ብዬ ተውኩት። የምራቷን ስልክ ትሰማለች እንድትለኝ?

መጋቢት 9

ሙሽሪት ታማለች። ክንፏ ላይ የተነሰነሰ ስኳር የመሰለ ነጭ ነጠብጣብ። ያየችው ዳርቱ ናት። እኔ ጠዋት መግባቸውን ሰጥቼ ወጥቻለሁ፤ መነጽሬን አላደረግሁም ነበር።

ማታ ሁለቱ ተጠጋግተው መድኃኒት ሲለኩ ነበር። በመዳብ ነው የሚታከመው፣ ከበዛ ይገድላል፣ ካነሰ አይፈውስም። እሷ በመርፌ ትስባለች፣ እሱ የእጅ ባትሪ ይይዝላታል። ባትሪ መያዝ የእኔ ሥራ ነበር። በሩ ላይ ቆሜ "እራት ቀርቧል" አልኩ። "መጣን እማዬ" አለ፣ ዞሮ ሳያየኝ። እራቱ ቀዘቀዘ።

ቀናሁ። ይኸው ጻፍኩት። የገዛ ልጄ ሚስት ላይ፣ በስድሳ ሦስት ዓመቴ፣ በባትሪ።

መጋቢት 14

ነጠብጣቡ ጠፋ። ሙሽሪት ዳርቱ ስትመጣ መስታወቱ ላይ ትለጠፋለች፣ ጣቷን ተከትላ ትሄዳለች። እኔ ስሄድ ቧንቧዋ ውስጥ ትገባለች።

ለዓሣ ምን ክፉ አደረግሁ።

መጋቢት 20

ዮፍታሔ ወደ ጅቡቲ ሄደ፣ ለሆቴሎቹ ዓሣ ሊመርጥ። በር ላይ ለዳርቱ ትእዛዝ ሲሰጣት ሻንጣውን ይዤ ቆሜአለሁ።

"ሌሎቹ ተሸጠዋል፤ ማክሰኞ ሙሽሪትን ወደ ሳሎን አዘዋውሪያት። ካስቸገረሽ እማዬን ጠይቂ።"

ካስቸገረሽ። ድሮ "እማዬ ታውቃለች" ነበር የሚለው፤ ሌላ ቃል አያስፈልገውም ነበር።

መጋቢት 22

ቁርጡን ሰማሁ።

ዳርቱ ከእናቷ ጋር በስልክ። ቃል በቃል ይዤዋለሁ፤ ሠላሳ ዓመት የሠራሁበት ጆሮ ነው። "ቁርጡሚን ቦሩ መና ሃራ ዴምቲ።" ቦሩ ነገ ነው። መና ቤት ነው። ሃራ አዲስ ነው። ዴምቲ መሄድ ነው። ይህን ያህልማ ማንም የሰፈራችን፣ የፈረንሳይ ለጋሲዮን ሰው ያውቃል። እኔ ደግሞ ቁርጡሚን በሥጋ ስተረጉመው ከርሜአለሁ፣ ሞኝ። ቁርጥ ነው፣ ቁርጡ፣ የለየለት ነገር። ቁርጡ ታውቋል፣ ወደ አዲስ ቤት መሄድ ነው።

የካ አባዶ ነው መቼስ፣ ወላጆቿ ያሉበት። ያ ሁሉ ኮንዶሚኒየም። ልጄን በታክሲ ሰልፍ ልትፈጀው ነው። እሱም ያውቃል ማለት ነው፤ ሻንጣውን ይዤለት ቆሜ አንዲት ቃል አልተነፈሰም።

እንቅልፍ የለም። ሳሎን ገብቼ እሜቴ ፊት ተቀመጥኩ። እሷም አልተኛችም። ድንጋይዋን ትዞራለች።

መጋቢት 23

በጥድፊያ ነው የምጽፈው።

እሜቴ ያለችበት ገንዳ አዲስ ዓሣ እንዲሁ አይገባበትም። መጀመሪያ መብራቱ ይጠፋል። ከዚያ ድንጋዮቹ ይዟዟራሉ፣ ሁሉም። ባለቤቷ ቤቷን ስታጣው እሷም እንግዳ ትሆናለች፣ እንግዳ ደግሞ እንግዳን አይደባደብም። ይህን ዮፍታሔም እኔም እናውቃለን። ዳርቱ አታውቅም፤ እሷ ከመጣች ቅልቅል አድርገን አናውቅም።

ሙሽሪትን በዕቃ ይዛ ገንዳው ፊት ቆመች። ጉሉኮሷን ጨርሳለች፣ ጨዉን ለክታለች። መብራቱ ቦግ ብሏል። እሜቴ ከድንጋይዋ ወጥታ ታያታለች።

ዞር ብላ "እማዬ፣ ይሄ ይበቃል? የቀረ ነገር አለ?" አለችኝ።

"አንቺ ታውቂያለሽ" አልኳት።

ክፉ ቃል አይደለም። ሰው ሁሉ የሚለው ነው። ማክበር ነው እንዲያውም።

ትንሽ ጠበቀችኝ። ከዚያ ለቀቀቻት።

መጋቢት 24

ሙሽሪት በሕይወት አለች። ክንፏ ተተልትሏል፣ ጎኗ ላይ ቢጫው መሐል ለሁለት ተሰንጥቋል። ሰርቪስ ቤት መልሰናታል።

ዳርቱ ያወጣቻት በባዶ እጇ ነው። መረቡን እስክፈልግ አልጠበቀችም። እሜቴ መዳፏን ቀደደችው። ደሙ የጨው ውሃው ውስጥ እንደ ጭስ ሲሄድ አይቻለሁ። አልጮኸችም። እጇን ሰጠችኝ፣ በሻሽ አሰርኩላት።

"ቋጠሮዎ ጥሩ ነው፣ አይላላም" አለችኝ።



መጋቢት 26

ዮፍታሔ መጣ። ሙሽሪትን አየ፣ የዳርቱን እጅ አየ፣ ከዚያ ሁለታችንን አየ።

"መብራቱን አላጠፋችሁም?"

አፌን ሳልከፍት "እኔ ነኝ" አለች ዳርቱ። "ቸኮልኩ።"

"እማዬ አልነበረችም?"

"ኩሽና ነበሩ።"

ኩሽና አልነበርኩም። አጠገቧ ነበርኩ፤ ትከሻዋ ሊነካኝ ምንም አልቀረው። ልጄ እኔን አየኝ። እኔም ወደ ኩሽና ሄድኩ፣ የተባልኩበት ቦታ።

አንድ ነገር በንዴት ብትናገረኝ ይሻለኝ ነበር። ደግነቷ ነው ያናደደኝ። በደግነትም ልትበልጠኝ።

ሚያዝያ 3

ማታ መኝታ ቤታቸው ውስጥ ሲነጋገሩ ሰማሁ። ግድግዳው ሥስ ነው፣ እኔ አልሠራሁትም።

"ለሆቴሉ እሰጣታለሁ" ይላል ዮፍታሔ። "ከማንም ጋር መኖር አትችልም።"

"ተው። ቤቷ ነው" አለች። "አርጅታለች፣ አሁን ቦታ ለውጪ ብትባል አትችለውም። ያሳዝናል። መልቀቅ ያለብን እኛ ነን።"

 ከዚያ ልጄ "እሺ" አለ፣ ቀስ ብሎ።

ስለ እሜቴ ነው። ለሆቴል እንዳይሰጣት መከራከሯ ደግ ነው፣ ይህን አልክድም። "መልቀቅ ያለብን እኛ" ያለችው ግን ለዓሣ አይሆንም። አማርኛዋ አልፎ አልፎ ይዛነፍባታል።

ሚያዝያ 12፣ ፋሲካ

ከቤተ ክርስቲያን መጥቼ ጾም ፈታን። ዳርቱ ከእኔ ጋር ስትሠራ ነው ያመሸችው፣ ባልታመመው እጇ ሽንኩርት ስትከትፍ። ሁለቱም አልበሉም።

"እማዬ" አለ ዮፍታሔ። "አባዶ ቤት ተከራይተናል። ለዳርቱ ሥራም…"

"ሥራዋ ለዚህ ነው የሚቀርበው" አልኩት።

እሱ እንጀራውን ይቆራርሳል። እሷ ሳህኗን ታያለች።

"ጥሩ ነው" አልኩ። የገዛ ስሜን የጠራሁ መሰለኝ። "አውቀው ነበር። ከመጋቢት ጀምሮ ቆርጣችኋል።"

"ኧረ እማዬ፣ የወሰንነው ባለፈው ሳምንት ነው። ከዚያ በፊት አስበነውም አናውቅም።"

ይዋሻል። በጆሮዬ ሰምቻለሁ። በማግስቱ እንኳ ቢሆን ይሻል ነበር፣ በፋሲካ በዋናው ቀን መዋሸት።

ሚያዝያ 15

ዲንቄ እንኳን አደረሰሽ ልትል መጣች። አልቻልኩም፣ ነገርኳት። ልጆቹ ሊሄዱ መሆኑን፣ በመጋቢት ቆርጠው እንደደበቁኝ። እንዴት አወቅሽ ስትለኝ ቃሉን እንዳለ አልኩላት። "ቁርጡሚን ቦሩ መና ሃራ ዴምቲ።"

ዲንቄ ሳቋ ፈነዳ። ከዚያ ፊቴን አይታ አቆመች።

"ጥሩ፣ ቁርጡሚ እኮ ዓሣ ነው።"

"ምን?"

"ዓሣ። ዓሣዋ ነገ አዲስ ቤት ትገባለች ነው ያለችው። ለእናቷ እየነገረቻት ነበር። እኔም ጋ ወሬዋ ሁሉ እሱ ነው፣ አማቴ እንዲህ አስተማሩኝ፣ አማቴ በቋጠሮ እንዲህ ያደርጋሉ፣ ስሟን ሙሽሪት ያሉልኝ እሳቸው ናቸው። ኦሮምኛ ባትችዪ፣ ብትጠይቂኝስ ምን ነበረበት?"

ዲንቄ ከሄደች በኋላ ነው የገባኝ። አዲስ ቤት ልትገባ የነበረችው ሙሽሪት ናት። እዚህ ሳሎን። እኔ ዘንድ። ደስ ብሏት ለእናቷ የምትናገረው እሱን ነው። በማግስቱ "ይሄ ይበቃል?" አለችኝ።

ከዚያ የሚያዝያ 3ቱን መልሼ አነበብኩ። አማርኛዋ አልተዛነፈም።

የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች ይላሉ። እኔ ከቆጡም የምፈልገው አልነበረኝም። የብብቴን ብቻ ነው አጥብቄ የያዝኩት፣ እሱው ነው የወደቀው።

ሚያዝያ 18

ሄዱ። ዕቃው በአንዲት አይሱዙ አለቀ። ቅሩ ልል ነበር፣ ሁለቴ። አፌ ያለው "የጨዉን ባልዲ እንዳትረሱት" ብቻ ነው።

ሙሽሪትን ዳርቱ ከነባልዲዋ ጭኗ ላይ አድርጋ ሄደች። ቢጫው ላይ ጠባሳ ይቀራል፣ ሌላው ድኗል። መኪናው ሊነሳ ሲል መስኮቱን አንኳኳሁ።

"ስሚ። አንድ ቀን ሌላ ዓሣ ስትጨምሪባት፣ አስቀድመሽ መብራቱን አጥፊ። ድንጋዮቹን በሙሉ አዟዙሪ፣ አንድም ቦታው ላይ እንዳይቀር። ቤቱ የማን እንደሆነ እንዳይታወቅ። ያን ቀን ልነግርሽ የሚገባኝ ይሄ ነበር። አውቄ ነው ዝም ያልኩት።"

ዮፍታሔ መሪውን ይዞ ወደፊት ያያል። ዳርቱ "አውቄ ነበር እማዬ" አለችኝ። "'አንቺ ታውቂያለሽ' ሲሉኝ የቀረ ነገር እንዳለ ገብቶኝ ነበር። ልጠይቅዎ ፈራሁ።"

የታሰረ እጇን በመስኮቱ አወጣችና እጄን ያዘችኝ። መኪናው ቁልቁለቱን ወረደ።

ሚያዝያ 20

ቤቱ ጸጥ ብሏል። የገንዳው ሞተር ብቻ። እሜቴ ሙሉውን ገንዳ ለብቻዋ ይዛዋለች። አሁንም ትዞራለች።

ከመሳቢያው ቱቦዬን አወጣሁ፣ ቋጥሬ አየሁት። እጄ አልረሳም። ለማን እንደምቋጥር ነው የቸገረኝ።

ለዳርቱ እናት ደወልኩ። መስመሩ ሲያያዝ ሃሎ ማለት ረሳሁ፣ እኔ የስልክ ሴት። "እናታችን፣ ይቅርታ አድርጉልኝ" አልኳት። "ቅልቅሉ ዘገየ። የሚመጣው እሑድ ብናደርገው፣ ከነቤተሰቡ፣ አባትየው አቶ በዳዳም ሳይቀሩ።"  ከዚያ ሳቀች፣ ልክ እንደ ልጇ። "ምን ይዘን እንምጣ?" አለችኝ። ቁርጥ እንደሚኖር ነገርኳት። ቁርጡሚም እንዳለ፣ ሳሎን ውስጥ፣ ለማየት ብቻ። እንዲያ በኦሮምኛ መናገሬን ስትሰማ ሳቋ አላቆመም።

ሚያዝያ 25

ነገ ነው። ዲንቄ ልታግዘኝ ስትመጣ ሳሎኑን ገልብጬዋለሁ። ምንጣፉ ተጠቅልሏል። ቡፌው ከመስኮቱ ሥር ሄዷል። የባለቤቴ ፎቶ ከበሩ ፊት ተነስቶ ጎን ግድግዳ ላይ ተሰቅሏል። በሩን እያየሁ የምቀመጥበትን ወንበር፣ የገባና የወጣ የማያመልጠኝን፣ ጓዳ ከትቼዋለሁ። ነገ የት እንደምቀመጥ እኔም አላውቅም።

ዲንቄ ደፍ ላይ ቆማ ቀረች።

"ቤትሽን ምን ነካው? ምን እያደረግሽ ነው አንቺ?"

"ድንጋዮቹን እያዟዟርኩ ነው" አልኳት።

አልገባትም። ነጠላዋን አስቀመጠችና ሶፋውን በአንድ በኩል ያዘችልኝ።